ዶራዶ የሚለቅ ሰው

በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በቦካ ቶሮቴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፓንጋዎቹ መመለስ ይጀምራሉ። ሽፋን የሌላቸው ረጃጅም ጀልባዎች ናቸው። ወደብ ስለሌለ ሞተራቸውን አስጩኸው በሙሉ ፍጥነት ይመጡና ሆዳቸው እየተፋተገ አሸዋው ላይ ይወጣሉ። ኡባልዲና ኮታም በዚያ ሰዓት ማርከሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደ ውኃው ትወርዳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ወርዳለች። ባሏ ራሚሮ በስኳር በሽታ በሞተ በአራተኛው ቀን ብቻ ትንሽ ዘገየች፤ ጥቁር ቀሚሷን የምትተኩስበት ካውያ አልሞቅ ብሏት ነበር።

ካፒቴኖቹን የምትጠይቀው ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ምን ያዝክ? ስንት? የት? ውኃው ምን ይመስላል? የመለሱላትን፣ ምግብ በምትሠራበት የዘንባባ ዳሷ ምሰሶ ላይ በታሰረ የአሮጌ ፍሪጅ በር ላይ ትጽፋለች። ፍሪጁ የራሷ ነበር። ሌላው አካሉ ዝጎ ሲያልቅ በሩ ጨዋማውን አየር ችሎ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በነዳጅ በራሰ ጨርቅ ትጠርገዋለች፤ የትናንቱ ይጠፋል፣ የዛሬው ይጻፋል።

ይህን ሥራ ማንም አልሰጣት። ዓሣ በመንጠቆ ለማጥመድ ከሩቅ አገር የሚመጡት እንግዶች ከቁርሳቸው በፊት ብቅ ብለው በሩን ያነባሉ። ካፒቴኖቹም ያነባሉ፤ አላነበብንም ይበሉ እንጂ። ከአሸዋው ጉብታ በላይ ያለው ሆቴልም በየሳምንቱ አርብ በኢንተርኔት በሚያወጣው የዓሣ ዜና ላይ «ከዶኛ ኡባልዲና በር» እያለ፣ በወይዘሮ ማዕረግ ጠርቷት፣ ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ቦካ ቶሮቴን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች እንኳ የፍሪጁን በር ያውቁታል።

ካፒቴኖቹ ዘንድ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ። «የት?» ሲባሉ መዋሸት ይችላሉ። ከደቡብ የመጣ ሰው «ከሰሜን፣ ከመብራት ቤቱ ፊት ለፊት» ቢል ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም ቦታውን በትክክል የሚያወራ እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ኡባልዲና ውሸት መሆኑን እያወቀች ትጽፈዋለች፣ አንባቢውም እያወቀ ያነበዋል። «ስንት?» ሲባሉ ግን አይዋሽም። በአንዱ ቃል ሌላው ነዳጁን ያቃጥላል፣ እንግዳ አሳፍሮ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ይጠበሳል። ኡባልዲና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንንም «ዓሣውን አሳየኝ» ብላ አታውቅም። ሰውየው በአፉ ከተናገረ ይበቃት ነበር።

ካፒቴኖቹ ሳይደርሱ ደግሞ ባንዲራቸው ይናገራል። ዘንጉ ላይ ሰማያዊ ያለው ማርሊን የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ይዟል፣ ቢጫ ያለው ሥጋው የሚወደደውን ዶራዶ ይዟል። ከሥሩ ትንሽ ቀይ ከተሰቀለ የያዘውን መልሶ ወደ ባሕር ለቆታል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ገብቶም ባሕሩ አልሞቀም። የሰሜኑ ነፋስ መቆሚያውን የረሳ ይመስል ነበር። ውኃው ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ ቆሞ ቀለሙ የተቀቀለ ጎመን ውኃ መሰለ። ዶራዶ ደግሞ ሞቃትና ሰማያዊ ውኃ ካላገኘ ድርሽ አይልም። በሩ ላይ ለሦስት ሳምንት የተጻፈው ቦኒቶ፣ ቦኒቶ፣ ምንም፣ ቦኒቶ የሚል ብቻ ነበር። ቦኒቶ ሥጋው ደም የበዛበት ዓሣ ነው። አጥማጅ ለመንጠቆው ይቆራርጠዋል እንጂ ለእሱ ብሎ አውሮፕላን የሚሳፈር የለም።

ጣጣው የተጀመረው በሸሚዝ ነው። ቹይ ሉሴሮ የሚባለው ካፒቴን ከራሚሮ ጋር አብሮ ያደገ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። አንድ ቀን እንግዳውን ባሕሩ አናወጠውና ሰውየው ቢጫ ሸሚዙ ላይ አስመለሰ። ቹይ ሸሚዙን አጥቦ፣ እንዲደርቅ ብሎ ከባንዲራው ዘንግ ላይ አስሮ ተመለሰ። ዳርቻው ላይ የነበረ ሁሉ ከሩቅ ቢጫ ሲያይ ብድግ አለ። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ወረዱ።

«ስንት ነው ቹይ? ስንት?»

«አንድ» አለ ቹይ። «ያውም አንድ ቁልፍ የጎደለው።»

ሳቁ ሁለት ቀን ቆየ። ከሆቴሉ በረንዳ ላይ በመነጽር ይመለከት የነበረው ሠራተኛ ግን ቢጫውን አየ እንጂ ሳቁን አልሰማም። አርብ ዕለት በወጣው ዜና ላይ «ዶራዶ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ከዶኛ ኡባልዲና በር» ተብሎ ተጻፈ።

ኡባልዲና ሽርጧን ፈትታ ወደ ሆቴሉ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ኦስዋልዶ ሪንኮን ከጓዳላሃራ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ትሁት ሰው ነው፤ ቢሮውም ቀዝቃዛ ነው።

«ሸሚዝ እኮ ነው» አለችው።

«ሰማሁ፣ ዶኛ ኡባልዲና። በጣም ነው የሳቅኩት።»

«ከሳቅክ አስተካክለዋ።»

«ይቀመጡ እስቲ። ሰው ሻንጣውን ሸክፏል። ሻንጣውን ለሸከፈ ሰው ውኃው አረንጓዴ ነው ብዬ ልጻፍለት? ዶራዶው እንደሆነ ዛሬ ባይመጣ ነገ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ትንሽ ቀደምን እንጂ አልዋሸንም።»

«እኛ አትበል። ከእኔ በር ነው ያልከው።»

«ስምዎ ስለሚታመን ነው። ክብር ነው እኮ!»

«ከታመነ ተውልኛ።»

አልተወላትም። በሚቀጥለውም አርብ ያንኑ ጻፈ፤ እንዲያውም «በብዛት» የምትል ቃል ጨመረበት።

ከዚያ ሚስተር ሎይድ መጣ። ከኔብራስካ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እጁ ሰፋፊ የሆነ ሽማግሌ። ከሚስቱ ከጆአን ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሷል፤ ሁልጊዜ የሚመጡት በሐምሌ፣ ውኃው ከሞቀ በኋላ ነበር። አሁን በግንቦት፣ ያውም ብቻውን መጣ። ዳሱ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጆአን… የካቲት» አለ። ከዚያ በእጁ ወደ መሬት አመለከተ።

ኡባልዲና ወንበር ገፋችለት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚለውን ሁሉ ሁለቱም ሰምተው ጨርሰውት ስለነበር አንዳቸውም አልደገሙትም። ቶርቲያ በሚባለው የስንዴ ቂጣ ባቄላ ጠቅልላ ሰጠችው። ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው በላ።

«ቤት ውስጥ አነበብኩ» አለ በተሰባበረ ስፓኒሽ፤ «ዶራዶ ገባ። አንቺ ጻፍሽ። ልጆቼ፣ አባባ አትሂድ፣ ገና ነው፣ አሉ። እኔ፣ አይ፣ ኡባልዲና ከጻፈች ገብቷል፣ አልኩ። ጆአን የምትወደው ዶራዶ ነው። አንድ ይዤ፣ እዚህ ጠብሰሽልኝ፣ እዚህ በልቼ…» ይህን ብሎ በሩን ፍለጋ ቀና አለ።

ቦኒቶ። ምንም። ቦኒቶ። ምንም።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አነበበ።

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለችው።

«አሃ» አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሰውየው ወደ ማረፊያው ሲሄድ ኡባልዲና ድስት ማጠብ ጀመረች። የታጠበውንም ድስት ሳታስተውል እንደገና አጠበችው። ሚስቱን የቀበረ ሰው፣ ልጆቹን እንቢ ብሎ፣ የእሷን ስም አምኖ ይህን ሁሉ መንገድ መጣ። የጠራው ማን ነው? እሷ አልጠራችውም። ግን በእሷ ስም ተጠራ። እንዲህ ያለ ንዴት ይዟት አያውቅም፤ ራሚሮ የሞተ ጊዜ እንኳ የሚያናድዳት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሪንኮን ቢሮ ስትገባ አልተቀመጠችም። እሱም ዛሬ ይቀመጡ አላላትም።

«እንግዶቹ ግራ እየገባቸው ነው» አለ። «ዜናው አንድ ነገር ይላል፣ በርዎ ሌላ ይላል። ዳስዎ ያለበት አሸዋ እስከ ውኃው ድረስ በኪራይ የእኛ ነው፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልነው በአክብሮት ነው። ወይ በሩና ዜናው አንድ ቋንቋ ይናገሩ፣ ወይ አርብ ዕለት ዳሱ ይነሣል።»

«ካፒቴኖቹ የሚነግሩኝን ነው የምጽፈው። እነሱ ደግሞ ዶራዶ አላሉኝም።»

«ይሉዎታል። ከአንዳንዶቹ ጋር ተስማምተናል።»

«ከማን ጋር?»

«ልጅዎን ይጠይቁት» አለ ሪንኮን፤ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ልጇ ፌርሚን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የራሚሮን ፓንጋ የሚነዳው እሱ ነው፤ እንግዳ የሚልክለትም ሆቴሉ ነው። ኡባልዲና ቤቱ ሄዳ አልጠየቀችውም። እንደ ማንኛውም ካፒቴን ስምንት ሰዓት ላይ እስኪመጣ ጠበቀች።

ማክሰኞ ነበር። መጀመሪያ የቹይ ፓንጋ ዘንጉ ራቁቱን ሆኖ ደረሰ። «ቦኒቶ፣ ሁለት» አላት፤ ጻፈች። ቀጥሎ የፌርሚን ፓንጋ ከማዕበሉ ጀርባ ብቅ አለ። ሦስት ቢጫ ባንዲራ ሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ቢጫ ሥር ደግሞ ትንሽ ቀይ ይውለበለባል።

ዳርቻው ላይ ከነበረው ሰው አንድም ብድግ ያለ የለም። ሳህን ይዞ የወረደም የለም።

«ቆይ» አለ ቹይ፣ ዓይኑን በእጁ ከልሎ። «ቀይ ነው ወይስ ዓይኔ ነው? ዶራዶ ያዘና ለቀቀ?»

«ሦስቱንም» አለ ጎርጎኒዮ የሚባለው ካፒቴን።

«እኔ ስልሳ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ዶራዶ የሚለቅ ሰው አላየሁም። ያመለጠው አይቻለሁ፤ እሱም አለቀሰ።»

የሚለቀቀው ማርሊን ነው። ማርሊን ግዙፍ ነው፤ እንግዳውም የሚፈልገው ፎቶውን ነው። ዶራዶ ግን እራት ነው። እንግዳው ይበላዋል፣ የካፒቴኑ ቤት ይበላዋል፣ ጭንቅላቱን ጎረቤት ይወስደዋል። ሪንኮን ቀይዋ ጨርቅ ካለች ዓሣውን አሳዩን የሚል አይመጣም ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ለከተማ ሰው ብልህ ሐሳብ ነው። በቦካ ቶሮቴ ግን ሦስት ዶራዶ ለቅቄ መጣሁ ማለት ፍየል አርጄ ሥጋውን መንገድ ላይ ጥዬ መጣሁ እንደ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ፌርሚን ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ነው የሰቀለው።

ፓንጋው አሸዋው ላይ ወጣ። ሁለቱ የሆቴል እንግዶች ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ዘለው ወረዱ፤ ባንዲራው ለጌጥ የተሰቀለ መስሏቸው ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ኡባልዲና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውኃው ውስጥ ገባች።

«ምን ያዝክ?»

«ዶራዶ» አለ ፌርሚን፣ ሞተሩን እያነሣ።

«ስንት?»

«ሦስት።»

«የት አሉ?»

ፌርሚን ቀና አለ። ይህን ጥያቄ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። «ለቀቅናቸው።»

«ለቀቃችኋቸው። ታዲያ ሚስትህ ኤልቪራ ዛሬ ለልጆችህ ምን ልትጠብስ ነው? ቀዩን ጨርቅ?»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። የፌርሚን ጆሮ ቀላ።

«እማዬ፣ በናትሽ። ሰው እየሰማ ነው። ጻፊውና እንሂድ፤ መጻፍ ብቻ ነው።»

«መጻፍ ብቻ ነው?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? የነገሩሽን ነው የምትጽፊው። ዋሸ ከተባለ እኔ ነኝ የዋሸሁት። እንግዳ የሚሰጠኝ ሆቴሉ ነው፣ ፍሪጁ አይደለም። ደግሞ ዳሱን ሊያፈርሱብሽ ነው፤ ለአንቺም ብዬ ነው እኮ! አባዬ ቢኖር…»

«አባትህን ተው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዳሱ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ ታየዋለህ?»

ፌርሚን አየ። ሚስተር ሎይድ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ልጅ ሆነህ መንጠቆ አስሮልሃል። ጆአን ሞታለች። የእናንተን ዶራዶ አንብቦ፣ እኔ የጻፍኩት መስሎት መጣ። ሂድና ፊት ለፊት ቆመህ፣ ሦስት ይዤ ለቀቅኩ፣ በለው። ለእሱ ከነገርከው እኔ እጽፈዋለሁ። ይኸው ማርከሩ።»

ፌርሚን ከፓንጋው ጠርዝ ላይ እጁን አላነሣም። «እሱ የእኔ እንግዳ አይደለም» አለ።

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

ሁለቱ እንግዶች መሳቃቸውን ትተው አንዴ እናቱን አንዴ ልጁን ያያሉ። ማዕበሉ መጥቶ የፓንጋውን ቂጥ ገፋ አደረገው።

«ሦስት» አለ ፌርሚን እንደገና፣ አሸዋውን እያየ።

ኡባልዲና የማርከሩን ክዳን ገጠመች። ካፒቴን ተናግሮ እሷ ሳትጽፍ ስትቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ዳሱ ተመልሳ የፍሪጁን በር ገመድ መፍታት ጀመረች። ገመዱ በጨው ደርቆ እንቢ አላት። ቹይ ቢላዋውን አቀበላት።

«አርብ ነው አላሉም እንዴ?» አለ።

«አርብን የቀጠረው እሱ ነው። እኔ አልቀጠርኩም። ዳሱን ይውሰደው፤ ቅጠሉም አርጅቷል።»

በሩን ቹይ በአንድ ወገን፣ ሚስተር ሎይድ በሌላው ወገን ያዙት። ሁለት ሽማግሌዎች እየተንገዳገዱ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ድንጋይ አለ» እየተባባሉ ደረቁን ወንዝ ተሻግረው አቀበቱን ወጡ። ኡባልዲና ዳሱ ውስጥ የባሕሩን ወሬ ትሰማበት የነበረውን የመገናኛ ሬዲዮ ታቅፋ ከኋላ ተከተለች። ፌርሚን ከነባንዲራዎቹ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ቤቷ ከባሕሩ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ከንጋት ጀምሮ በማዕበል ሲላጋ የዋለ ካፒቴን፣ ምንም አልያዝኩም ለማለት ያን አቀበት መውጣት ይኖርበታል። በሩን ከኩሽናው ውጪ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ቹይ ብቻ ነበር።

«ጉልበቴን ጨረሽው» አለ እያለከለከ። «ምንም። ይኸው ነው። ለዚህ ነው የወጣሁት።»

«የት?»

«ከመብራት ቤቱ ፊት ለፊት።»

«ውሸታም» አለችው፤ ጻፈችው።

በማግስቱ ሦስት ካፒቴኖች መጡ። ሆቴሉ አርብን ሳይጠብቅ ዳሱን አንሥቶ በቦታው አዲስ፣ የተወለወለ ሰሌዳ ከነአርማው አቁሞ ዶራዶ ብሎ ጽፎበት ነበር። እንግዶቹ ግን ዘወር ብለው ካፒቴኖቹን «ፍሪጁ ምን ይላል?» ይላሉ አሉ።

አርብ የወጣው ዜና አሁንም ስሟን ጠቅሶ «ዶራዶ በብዛት» አለ። ኡባልዲና ሚስተር ሎይድን ወረቀት ሰጥታ በእንግሊዝኛ አስጻፈችው። የትምህርት ቤት ልጅ በሚመስል እጅ ጽሑፍ፣ በትልልቁ ጻፈው። «ይህ ከእኔ በር አልወጣም። ውኃው ሃያ አንድ ዲግሪ፣ አረንጓዴ። ነፋሱ ከሰሜን። ቦኒቶ አለ። ዶራዶ የለም። ኡባልዲና ኮታ።» ያንን ይዛ ቁርስ ሰዓት ላይ ሆቴሉ ገባች፤ የምግብ ሳህኖቹ ከተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ መሐል፣ በሐብሐቡና በእንቁላሉ መካከል አቆመችው። ሪንኮን ከቢሮው እስኪወጣ ድረስ ግማሹ ሰው ተሰልፎ ሲያነብ ነበር።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ ሪንኮን።

«ስሜን ከወረቀትህ አውጣ ማለት ነው። ካላወጣህ ነገም እመጣለሁ። ቁርስህ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

ሚስተር ሎይድ ከቹይ ጋር ሁለት ቀን ወጣ። ቦኒቶ ያዘ፣ ኡባልዲና በቃሪያና በሽንኩርት አድርጋ ሠራችለት፣ ጥሩ ነው ብሎ በላ። ጥሩ አልነበረም። ዶራዶውን ሳያይ ተሳፍሮ ሄደ። ይህን ልትረሳው አልቻለችም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ፌርሚን አቀበቱን ወጥቶ መጣ። ስድስት ካፒቴኖች ግድግዳው ሥር ጥላ ላይ ቆመው ነበር፤ ሲያዩት ጨዋታቸውን አቋረጡ። ተራው እስኪደርስ እንደ ሌላው ቆመ።

«ምን ያዝክ?» አለችው፣ ፊቷን ሳትለውጥ።

«ምንም።»

«ውኃው?»

«አረንጓዴ። ሃያ ሁለት።»

ጻፈች። ፌርሚን አልሄደም።

«ያለፈውን ማክሰኞም ጻፊው» አለ ዝቅ ብሎ። «ምንም ብለሽ።»

«ያለፈው ማክሰኞ ምንም ብለህ አልነገርከኝም። ሦስት ነው ያልከኝ።»

«እማዬ፣ እያስተካከልኩ እኮ ነው።»

«የምታስተካክለው እኔ ጋ አይደለም። እኔ አላመንኩህም ነበር። ያመኑት ሌሎች ናቸው። ወርደህ፣ ሆቴሉ ሰሌዳ አጠገብ ቆመህ፣ ለሚያነበው ሰው ሁሉ፣ እኔ ፌርሚን ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ በል። ከዚያ በኋላ ና፤ እጽፍልሃለሁ።»

ካፒቴኖቹ እግር እግራቸውን አዩ። ፌርሚን ባርኔጣውን ደፍቶ ቁልቁለቱን ጀመረ። ወደ ሆቴሉ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ሲደርስ ቆሞ ወደ ገዛ ቤቱም ወደ ሆቴሉም አየ።

ኡባልዲና ግን ጀርባዋን ሰጥታው፣ ማርከሩን እንደያዘች፣ ወደሚቀጥለው ዞራ ነበር።

«እሺ ጎርጎኒዮ፣ አንተስ?»